ከወዲህም ከወዲያም ማዶ

ሰፈሩ ሁሉ «አትላስ» ይላታል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋበት ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪናና ቁርጥራጭ ጨርቅ የተቆለለበት ጠረጴዛ አለው። ከመኪናው ጀርባ ደግሞ ያረጀ የዓለም ካርታ ተለጥፏል። ካርታው የተለጠፈው የግድግዳውን ስንጥቅ እንዲሸፍን እንጂ ለትምህርት አልነበረም። ልጅቷ ግን ቁልፍ ስትተክል ዓይኗ እዚያው እየዋለ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላት የአገሮቹን ዋና ከተሞች እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ይፈትናታል፤ እሷም ሳትንተባተብ ትመልሳለች። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ይቺ ልጅ አይደለችም፣ አትላስ ናት!» አሉ። ስሙም እዚያው ተሰፋባት።

ኮሌጅ ገብታ ጂኦግራፊ ስትመርጥ ታዲያ ማንንም አልገረመውም። እሷም የትምህርቱን ግማሽ ጨርሳ የገባች ነበር የመሰላት።

በመጀመሪያው ቀን ያስተማሯቸው መምህርት አጠር ያሉ፣ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ ሴት ናቸው። ከአንድ ጠመኔ በቀር ምንም ሳይዙ ገቡና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፉ።

«ስማችሁን ቀስ ብዬ እለምደዋለሁ» አሉ። «ዛሬ ጥያቄዬ አንድ ነው። ከቤታችሁ ደጃፍ አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፋ፣ በየት በየት ብሎ የት ይደርሳል?»

አትላስ እጇን ብድግ አደረገችና መልሳ አወረደችው። ምን ልትል? ዓለምን በቃሏ ታውቃለች፤ የገዛ ደጃፏ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሀምሳዎቹን የተሻገሩ፣ የፖስታ ቤት ካፖርት የለበሱ፣ ፊታቸው ጸሐይ የጠገበ ሰው ናቸው።

«ከኔ ደጃፍ ከተደፋ በዳቦ ቤቱ ጎን ይወርዳል» አሉ። «ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲደርስ ጥቂት ይቆማል፤ መሬቱ እዚያ ረባዳ ነው። ሲሞላ ወደ ግራ ይታጠፍና ትልቁ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ቦዩ ደግሞ ወንዙ ዘንድ ያደርሰዋል። ከወንዙ ወዲያ ያለውን እርስዎ ያስተምሩኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ተማሪው ሳቀ። መምህርቷ አልሳቁም። ዞር ብለው ሰሌዳው ላይ «ተፋሰስ» ብለው ጻፉና «እሳቸው አሁን የነገሯችሁን ለመማር ሁለት ወር ይፈጅብናል» አሉ።

አትላስ የዚያን ቀን ስትነድ ዋለች። እሷ ስትጠብቀው የነበረውን ቦታ አንድ ደብዳቤ አዳይ ከኋላ ወንበር ቀማት!

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያደረሱ ፖስተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳቸውን ባዶ ያደርጉና ከሰዓት በኋላ ክፍል ይገባሉ። ወጣቶቹ «ጋሼ ፖስታ» ይሏቸዋል። ጫማቸው ሁልጊዜ አቧራማ ነው፤ ደብተራቸው ግን ከሁሉም የጸዳ ነው። የቃል ጥያቄ ከሆነ ማንም አይችላቸውም። የጽሑፍ ፈተና ሲመጣ ግን ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ አትላስ ከሠላሳ ሃያ ዘጠኝ፣ ጋሼ ፖስታ ከሠላሳ አሥራ አንድ አገኙ።

ኮሪደሩ ላይ ወረቀታቸውን አጠፍ አድርገው ደረት ኪሳቸው ሲከቱ አየቻቸው። አፏን ምን እንዳሳከካት እንጃ፣ ጓደኞቿ እየሰሙ «ጋሼ፣ እዚህ ቤት እኮ ደብዳቤ አይታደልም» አለች።

ጓደኞቿ ሳቁ። ሰውየው ቆም አሉና «እኔስ መች ላድል መጣሁ ልጄ፣ ልቀበል ነው እንጂ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሳቁ እዚያው ከሰመ። አትላስንም የተናገረችው ነገር ቤቷ ድረስ ተከትሏት ሄደ።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የመስክ ሥራ መጣ። ተማሪው ሁለት ሁለት ሆኖ ከከተማው አንድ ቁራሽ ቦታ ይወስዳል፤ መሬቱን ይለካል፣ ነዋሪውን ይጠይቃል፣ ያገኘውን ከወረዳው ካርታ ጋር ያስተያያል።

«ሦስት ነገር ጠይቁ» አሉ መምህርቷ። «መሬቱ ምን ይላል? ሰዉ ምን ይላል? መዝገቡ ምን ይላል? ሦስቱም አንድ ቃል ከተናገሩ ዕድለኞች ናችሁ። ካልተስማሙ ግን ሥራ አገኛችሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ጥንዶቹን አነበቡ። አትላስ ከጋሼ ፖስታ ጋር!

ክፍሉ እስኪወጣ ጠብቃ ተጠጋቻቸው። «መምህር፣ ቢቀየርልኝስ? ውጤቴ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

መምህርቷ ጠመኔውን ከጣታቸው እያራገፉ አዩዋት። «የሳቸው ውጤት ያንቺን እንዳያበላሽ ነው የፈራሽው፣ ወይስ የሳቸው እውቀት ያንቺን እንዳያሳፍር?»

አትላስ ቦርሳዋን አነሳች።

«በይ ሂጂ» አሉ መምህርቷ፣ በቁጣ ሳይሆን በፈገግታ። «ጥሩ ጫማ አድርጊ።»

ጋሼ ፖስታ የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቦታውን እኔ ልምረጥ። ሌላውን ሁሉ አንቺ እንዳልሽ።» የመረጡት ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ገደል ነው። በምዕራብ በኩል ላይኛው ወረዳ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ታችኛው ወረዳ። በመካከል ወንዝ ይወርዳል፤ የሁለቱ ወረዳዎች ወሰንም እሱ ነው።

አትላስ ከሁለቱም ወረዳዎች ካርታ አስገልብጣ መጣችና ቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አንዱን ካንዱ አጠገብ ዘረጋች። ልታጋጥማቸው ሞከረች፤ እምቢ አሉ። የላይኛው ወረዳ ካርታ በአንድ ወንዝ ያልቃል፣ የታችኛው ካርታ ከሌላ ወንዝ ይጀምራል። በመካከል እንደ መቀነት የቀጠነ ባዶ ቦታ ቀረ።

«የልኬት ስህተት ነው» አለች። «አንዱ ካርታ ሲባዛ ተለጥጧል።»

ጋሼ ፖስታ ጣታቸውን ባዶው ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ እዚህ ስህተት ላይ ሠላሳ ስምንት ቤት አለ።»

«የት?»

«እዚህ። ሰባተኛው ቤት ውሻ አለ፤ ይጮኻል እንጂ አይነክስም።»

በማግስቱ ወረዱ። ከላይኛው ወረዳ አስፋልት ዳር የድንጋይ ደረጃ ይጀምራል፤ ደረጃው ካለቀ በኋላ ያለው እግር የፈጠረው መንገድ ነው። አትላስ ሜትርና ውሃ ልክ ይዛለች፣ የመስክ ደብተሯን አንጠልጥላለች፤ በስልኳም ቦታ እየመዘገበች ነው። ጋሼ ፖስታ የያዙት ምንም የለም። ይራመዳሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያሉ ነው?»

«እየቆጠርኩ። የኔ እርምጃ ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ቋጥኝ እስከዚያ ዛፍ መቶ ሃያ አለው።»

በሜትር ለካችው፤ ሰማንያ ሦስት ሜትር ተኩል ወጣ። እሳቸው ካሉት በግማሽ ሜትር ብቻ ይለያል። ዝም ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ በልቧ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣዋን አነሳችላቸው።

ቦታው ላይ ሲደርሱ ጋሼ ፖስታ እጃቸውን ወደ ደረቅ ሸለቆ ዘረጉ። ክብ ክብ ድንጋይ የሞላው፣ ሣር የወረሰው ሸለቆ ነው። «ወንዙ ድሮ በዚህ ነበር የሚሄደው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎርፍ መጣና በአንድ ሌሊት አልጋውን ለቆ ወደዚያ ማዶ ተዛወረ። እኔ ጠዋት ደብዳቤ ይዤ ስመጣ ወንዙ አድራሻ ቀይሯል!»

አትላስ ድንጋዮቹን አየች። ከዚያ ካርታዎቹን አየች። ነገሩ እንደ ቋጠሮ ተፈታላት። የላይኛው ወረዳ ካርታ የተሠራው ከጎርፉ በፊት ስለሆነ አሮጌው ወንዝ ላይ ያበቃል። የታችኛው የተሠራው ከጎርፉ በኋላ ስለሆነ አዲሱ ወንዝ ላይ ይጀምራል። ሁለቱም «ወሰናችን ወንዙ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። በሁለቱ ወንዞች መካከል የቀረው ሰው ግን ከሁለት ያጣ ሆነ።

«መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ወንዝ ወሰን ሲሆን፣ ወንዙ ሲሄድ... ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እዚህ ያለ አልመሰለኝም ነበር።»

አምስት ሳምንት ተመላለሱ። ጋሼ ፖስታ በሩን ያንኳኳሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ስለ ልጅ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «ይህቺ ልጄ ጥያቄ አላት» የሚሉት። መጀመሪያ ላይ አትላስ ጊዜ የሚባክን መስሏት እግሯን ታወዛውዝ ነበር። አንድ ቀን ብቻዋን ደብተሯን ይዛ ሄደችና ሦስት በር ሳይከፈትላት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ሰላምታ መስጠት ለመደች።

ጥያቄዎቿ ቀላል ናቸው። ልጆቻችሁ የት ይማራሉ? ገበያ የት ትወጣላችሁ? ስትታመሙ ወዴት ትሄዳላችሁ? «የት ነው ቤታችሁ?» ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፤ «ማዶ።» ላይኛው ወረዳ ማዶ ይላቸዋል፣ ታችኛውም ማዶ ይላቸዋል።

ከሁሉ ያልረሳችው የሃያ ሁለተኛውን ቤት ባለቤት ነው። ሴትዮዋ ሆስፒታል ልብስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። እጃቸው ከሳሙና ብዛት እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ምላሳቸው ግን ስለት ነው።

«ከወዲያም ማዶ ነን፣ ከወዲህም ማዶ ነን» አሉ። «እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ፤ እኛ ወዲህ የምንሆነው መቼ ነው?»

አትላስ እርሳሷን አስቀመጠች። ሴትዮዋ ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ በክር የታሰረ የደብዳቤ እሽግ አወጡላት። አሥራ አንድ ናቸው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጆች በአንድ ሳንቃ ላይ እየተንገዳገዱ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፤ ሴትዮዋ የእግረኛ ድልድይ እንዲሠራ ላንዱም ላንዱም ወረዳ ሲያመለክቱ ኖረዋል። የላይኛው ወረዳ መልስ «ጉዳዩ የታችኛውን ወረዳ ስለሚመለከት ወደዚያው ያመልክቱ» ይላል። የታችኛው ወረዳ መልስም ያው ነው፤ የወረዳው ስም ብቻ ይለወጣል።

ሲመለሱ ጋሼ ፖስታ ደረጃው ላይ አረፍ አሉ። ጉልበታቸውን እያሹ፣ ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«አሥራ አንዱንም ያደረስኩት እኔ ነኝ። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ። ዘጠነኛው ላይ ውሸት ጨምሬ፣ ጥሩ አስመስዬ ላንብብላቸው ብዬ ነበር። በአሥራ አንደኛው ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ይህን የወሰን መስመር ያሰመረ ሰው እኮ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ተምሮት ነው። እሱ ከተማረው እኔን ማን ይከለክለኛል?»

አትላስ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የተናገርኩት...»

«የቱን ቀን?» አሉ፤ እንደሚያስታውሱት ግን ዓይናቸው ይናገራል። «ተነሺ ልጄ፣ ሳይዘንብ እንውጣ።»

የራሳቸውን ካርታ ለመሥራት የአትላስ እናት ክፍል ምቹ ሆነ፤ ከሰፈሩ ያን የሚያክል ጠረጴዛ ያለው ሰው የለም። ጋሼ ፖስታ አንድ ነገር ብቻ ነበር አልገባ ያላቸው። ኮንቱር የሚባለው፣ ከፍታው እኩል የሆነን ቦታ ሁሉ የሚያያይዘው መስመር ነው። በእግራቸው የሚያውቁትን ዳገት ወረቀት ላይ ሲያዩት አይታያቸውም። አትላስ በመጽሐፉ ቋንቋ ሦስት ጊዜ አስረዳቻቸው፤ ላብ በላብ ሆኑ እንጂ አልሆነም።

እናቷ ስፌቷን አቁማ ታዳምጥ ነበር። ድንገት አንድ ቁራጭ ጨርቅ አነሳችና በእኩል በእኩል ርቀት የኖራ መስመር አሰመረችበት፤ ከዚያ በጡጫዋ ላይ አልብሳ ለጋሼ ፖስታ ዘረጋችላቸው።

«ከላይ ቁልቁል ይዩት፣ ጋሼ። ጨርቁ ጋደም ባለበት መስመሩ ተራርቋል አይደል? ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ደግሞ ተጠጋግቶ ይታያል። ዳገቱ ያለው መስመሩ በተጠጋጋበት ነው።»

ጋሼ ፖስታ ጡጫዋን ከላይ አዩት፣ ከጎን አዩት፣ እንደገና ከላይ አዩት። ከዚያ ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው። «ይሄማ ከድንጋይ ደረጃው በታች ያለው ቦታ ነው! ጉልበቴ ያውቀዋል!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታ እንደ ደብዳቤ ያነቡ ጀመር። አትላስ ደግሞ እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት። ዓለም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ አስተማሪዋ ከፊቱ መኪና ላይ ተቀምጣ ኖራለች።

ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ቀን ደረሰ። መምህርቷ ለማንም ሳይናገሩ የሁለቱን ወረዳዎች ቀያሾች ጠርተው ከፊት ወንበር አስቀምጠዋል። የላይኛው ወረዳ ቀያሽ ጎልማሳ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። የታችኛው ቀያሽ ወጣት ሴት ናት፤ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ። አትላስ ጭቃውን ስታይ ልቧ ትንሽ ረጋ።

መሬቱንና ወንዙን አትላስ አስረዳች። ቀጥሎ ስለ ሰዉ የሚናገሩት ጋሼ ፖስታ ናቸው። ካርታው ፊት ቆሙ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣም። 

አትላስ ጽሑፉን በቃሏ ታውቀዋለች። እሷ ብትቀጥል አንድ ነጥብ አይጎድልባትም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ጋሼ፣ አሥራ ሰባተኛው ቤት የማነው?»

ዞር ብለው አዩዋት። «የአናጢው ነው» አሉ። «ሦስት ልጆች አሉት። ታላቂቱ ታችኛው ወረዳ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናት።»

«አሥራ ስምንተኛውስ?»

በሃያኛው ላይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉትና ቤት ለቤት ሄዱ፤ ማን ምን ይሠራል፣ ማን በየት ይሻገራል፣ የማን እናት በየት በኩል ተሸክመዋት ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ተማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ከሠላሳ ስምንቱ ቤት ሠላሳ አንዱ ልጁን የሚያስተምረው፣ ገበያ የሚወጣው፣ ሐኪም የሚያየው ታችኛው ወረዳ ነው።

የላይኛው ወረዳ ቀያሽ መነጽራቸውን አወረዱ። «መልካም ነው። ግን ጌታው፣ እነዚህ ቤቶች ካርታው ላይ የሉም።»

«ልክ ነዎት፣ ካርታው ላይ የሉም» አሉ ጋሼ ፖስታ በትሕትና። «ስናንኳኳ ግን 'ማነው?' ይላሉ።»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ቀያሹ ነበሩ። ወጣቷ ቀያሽ ግን አልሳቀችም፤ የመስክ ደብተሩን ጠየቀች። ገጽ በገጽ አገላበጠችና «ይህንን ቁጥር በምን ለካችሁት?» አለች።

«በሜትር» አለች አትላስ። «ያንን ደግሞ በጋሼ እግር።»

«ሰኞ መሣሪያዬን ይዤ እወርዳለሁ። አብራችሁኝ ትመጣላችሁ?»

ወረደች። ሰባት ቦታ ለካች፤ አንዱ ቦታ ላይ አራት ሜትር ስህተት አገኘች፤ ስህተቱም የአትላስ ስልክ ነው፤ የጋሼ ፖስታ እግር አልተሳሳተም። ይህ ወሬ ኮሌጁን አዳረሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ መንግሥት ሥራ ዝግ ያለ ነው። ሁለቱ ወረዳዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ቦታውን እኩል ለሁለት እንክፈለው አለ፤ ያ ደግሞ የአናጢውን ቤት ከጓሮው ይለየው ነበር። መምህርቷ የተማሪዎቹን ካርታ ይዘው ሦስት ጊዜ ስብሰባ ገቡ፤ በሦስተኛው የላይኛው ወረዳ ቀያሽ ራሳቸው ተነሥተው «ሰዉ በእግሩ ወስኗል፤ እኛ መጻፍ ብቻ ነው የቀረን» አሉ። በዓመት ከሁለት ወሩ ሠላሳ ስምንቱም ቤት በታችኛው ወረዳ መዝገብ ገባ። ድልድዩ ገና ነው። ጥናቱ ጸድቋል፣ ሁለት የድንጋይ ክምር ወንዙ ዳር ተቀምጧል፤ የአሥራ አንዱ ደብዳቤ ባለቤት እትዬ በየሳምንቱ ሄደው ይቆጥሩታል፣ እንዳይቀንስ።

መምህርቷ በአዲሱ ካርታ ግርጌ የሠሪዎቹ ስም እንዲጻፍ አዘዙ። አትላስ የጋሼን አስቀደመች። ጋሼ ፖስታ «የፊደል ቅደም ተከተሉ ያንቺን ያስቀድማል» ብለው ተከራከሩ። «እርስዎ ከኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቀድመው ነው የወረዱት» አለቻቸው፤ ጽፋም ጨረሰች።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ናቸው። ጋሼ ፖስታ የከተማ ጂኦግራፊን በከፍተኛ ውጤት አልፈዋል፤ ስታትስቲክስን ግን ሁለት ጊዜ ወድቀው ሦስተኛውን እየሞከሩ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፣ አትላስ አማካይንና ልይይትን፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካዩ የሚርቁበትን ልክ፣ ታስረዳቸዋለች። እሳቸው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው «ቆይ፣ ቆይ፣ ከመጀመሪያው» ይላሉ። እሷም ከመጀመሪያው ትጀምራለች።